መስከንና መናፈስ

አማርኛ፣ ምግብም ሆነ መጠጥ ለአፍ ከመድረሱ በፊት ስለሚቆይበት ጊዜ ሲናገር ቃል አያጥረውም። ሊጥ ይቦካል፤ ጥንስስ ይፈላል፤ ክረምቱን በጎተራ ታፍኖ የከረመ እህል ፀሐይ ላይ ወጥቶ ይናፈሳል፤ ቡና ከእሳት ወርዶ በጀበናው ውስጥ ይሰክናል። ሁሉም መቆየት ነው፤ ይሁን እንጂ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቡናን «ይናፈስ»፣ እህልን «ይስከን» የሚል ሰው አልሰማሁም። በዚህ ረገድ ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነው ቋንቋችን ቀይ ወይን ጠጅ ላይ ሲደርስ ግን ይደናገራል። ቡሹ ከተነቀለ በኋላ ጠርሙሱ አፉን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ አስተናጋጁ ወይም ጋባዡ «ትንሽ ይተንፍስ» ይላል፤ እንግዶቹም ባዶ ብርጭቆ ታቅፈው ይጠብቃሉ። አባባሉ ከፈረንጅ አፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ምን እንደሚጠበቅ፣ ለምን እንደሚጠበቅ፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ነገሩ የቅምጥሎች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ስለ ጠርሙስ ቡሽ መጻፉ የሚያስገርመው አንባቢም አይጠፋም። እኔ ግን ባህል በታላላቅ ሥራዎች ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ከብርጭቆው ፊት ተቀምጦ በሚያደርጋት ትንሽ ነገርም ይመረመራል ከሚሉት ወገን ነኝ። ደግሞም ጥያቄው የተነሣብኝ መጠጥ ተራ ነገር ሆኖ በማያውቅበት አገር፣ በቦሩ ሜዳ ነው።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኝ ሰፊ የደጋ ሜዳ ነው። ታሪክ የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. በተደረገበት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው አከራከሩ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወግዞ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። ውሳኔው በካህናት መካከል ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ተጠየቁ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸውም ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። ለባላባቱ ማዕረግ ያስገኘው ጥምቀት ለብዙው ሕዝብ ግን ግዴታ ሆኖ መጣ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ መኖር የተባለው ነገር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው እምነት በጸሎቱ ብቻ አይፈተንም፤ በማን እጅ የታረደ ሥጋ እንደበላ፣ በዋንጫውም ውስጥ ምን እንዳለ ይታያል።

ወሎ ከዚያ ሁሉ በኋላ ያበጀው ሥርዓት ግን የሚደነቅ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ዓይነት ዕርድ፣ ሁለት ዓይነት ድስት፣ ሁለት ዓይነት መጠጥ ይሰናዳል። ለክርስቲያኑ ጠጅና ጠላ፣ ለሙስሊሙ ብርዝና ቀሪቦ፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። በዚያ ጉባኤ ሰበብ ስማቸው የተለወጠው ሚካኤል በኋላ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉን ሳስብ፣ ስሙን የቤተ መንግሥት ጌጥ ብቻ አድርጌ ለማየት ያስቸግረኛል።

እንግዲህ ቦሩ ሜዳ ባስተማርሁባቸው ዓመታት አንድ እሑድ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተሰብስበን ሳለን አንድ ጠርሙስ ጉደር ተከፈተ። ከመካከላችን ለትምህርት ቡልጋሪያ ደርሶ የተመለሰው መምህር ጠርሙሱን በእጁ ከልክሎ፣ «ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ወይን እንደ ተከፈተ የሚጠጣ ሰው አራዊት ነው» አለ። ሌላው፣ የላስታ ልጅ፣ «ጠጅ ከጋን ወደ ብርሌ፣ ከብርሌ ወደ ጉሮሮ ነው። ይህ የፈረንጅ ቅምጥልነት ነው» ብሎ መለሰለት። የመጀመሪያው ሥርዓቱን እንደ ማዕረግ ምልክት ይዞታል፤ ሁለተኛው ባዕድ ስለ ሆነ ብቻ ይንቀዋል። ሁለቱም ግን ወይኑን ገና አልቀመሱትም ነበር።

በላስታው ልጅ አነጋገር ውስጥ አንድ የማይናቅ ቁም ነገር መኖሩን የተረዳሁት ቆየት ብዬ ነው፤ ያስረዱኝም በአካባቢው ጠጅ በመጣል የታወቁ አንዲት እናት ናቸው። ጋኑን አጥበው በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ማሩን በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ በጥብጠው ብርዙን ያዘጋጃሉ፤ ጌሾውን በጊዜው ይጨምራሉ፤ ያማስላሉ። ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ ቶሎ የሚደርሰው ጠጅ ቦሩ ሜዳ ላይ በብርዱ ምክንያት ቀናት ይጨምራል፤ ስለዚህ ቀን በመቁጠር አይተማመኑም። ጆሯቸውን ወደ ጋኑ ያስጠጋሉ። ፍላቱ ሲንሾካሾክ ከሰሙ፣ «ገና እያወራ ነው፤ ወሬውን ሲጨርስ ጥርት ይላል» ይሉኛል። ወሬው ሲያልቅ ያጠሉታል፤ ከዚያም የጋኑን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይመርጉታል። ከተመረገ በኋላ ያለ ምክንያት የሚከፍትባቸውን ሰው አይወዱም። አንድ ቀን፣ «ትንሽ አየር ቢያገኝስ?» ብላቸው፣ ሕፃን እሳት ዳር ሲጫወት እንዳየ ሰው ደንግጠው፣ «ልጄ፣ አየር የገባበት ጠጅ ምን እንደሚሆን ቀምሰህ አታውቅም?» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። ማሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ያለ አየር መሥራት ይችላል፤ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ግን አየር ካላገኙ አይሠሩም። ጋን መመረግ ማለት ለአንደኛው ሠራተኛ ጊዜ ሰጥቶ ሁለተኛውን ከበር መመለስ ነው። የብርሌም ቅርፅ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ሆዱ የሰፋ፣ አንገቱ የጠበበ ስለ ሆነ የጠጁ ገጽ ከአየር ጋር የሚገናኘው በጥቂቱ ነው፤ የማሩ መዓዛ አይበተንም፤ ትንኝም በቀላሉ አይገባበትም። ብርሌን የሠራው ጠቢብ ይህን ሁሉ አስቦ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ዕቃው ግን የመጠጡን ጠባይ የሚያውቅ ዕቃ ነው። ዛሬ ዛሬ ማሩ በስኳር በሚተካባቸው ጠጅ ቤቶች ብርሌው እንደ ነበረ ቆሞ በውስጡ የሚጠብቀው መዓዛ መጥፋቱ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል።

የአገራችን ሰው ወይንን ሲሰይም «ወይን ጠጅ» ብሎ የጠጅ ዘመድ አድርጎታል፤ ከዚያም አልፎ ስሙን ለቀለም ሰጥቶታል። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ የሚለብሱ ብዙ ሴቶች መጠጡን በአፋቸው አዙረውት አያውቁም። ቤተ ክርስቲያንም ወይንን የምታውቀው በራሷ መንገድ ነው። በቤተ ልሔም ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ሳይፈላና ሳይሰነብት ለዚያው ቅዳሴ ይቀርባል። ስለዚህ በብዙው ሕዝባችን ዘንድ ወይን ከቅዳሴው ጋር የሚያያዝ ስም እንጂ በጠርሙስ ውስጥ የሚያረጅ መጠጥ አልነበረም። የጠርሙሱ ወይን በከተማ በኩል፣ በሆቴልና በግብዣ በኩል ገባ፤ ጉደርና አክሱሚትም የቤት ስም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በዝዋይ አካባቢ ከተተከለ የወይን እርሻ፣ መርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሲራ ከሚባሉ የአውሮፓ ዘሮች የተጠመቀ ወይን ለገበያ ቀረበ። ወይኑ የሚበቅለው እዚሁ ነው፤ የሚጠጣበት ሥርዓት ግን አሁንም ከነቃሉ በውሰት ይመጣል።

የጠጅ ዘመድ ከሆነ ወይን ለምን አየር ይስጡታል? አየር ለወይን ጠላትም ወዳጅም መሆኑን በሥርዓት ካጠኑት አንዱ ሉዊ ፓስተር ነው። በናፖሊዮን 3ኛ ጥያቄ የወይንን በሽታዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አየር ያለ ልክ የገባበት ወይን እንደሚበላሽ ብቻ ሳይሆን፣ ወይንን የሚያበስለውና ቀለሙን የሚለውጠው ራሱ ኦክስጅን መሆኑን ጭምር አሳይቷል። ለዚህም ወይንን አየር ባለባቸውና በሌለባቸው በተዘጉ የመስተዋት ቱቦዎች ውስጥ አቆይቶ ልዩነቱን አነጻጽሯል። ነገሩ እንግዲህ የመጠን ጉዳይ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ያለ ወይን ለወራትና ለዓመታት ከአየር ተለይቶ ይኖራል። በዚህ መታፈን ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ደስ የማይሉ ሽታዎች ይፈጠራሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አንዱ ነው። እንዳይበላሽ የሚጨመርበት የድኝ ጋዝም አዲስ የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ ሊተው ይችላል። እነዚህ ተናኝ ስለ ሆኑ ወይኑ ሲገላበጥና ሲሰፋ ብን ብለው ይሄዳሉ፤ ሸፍነውት የነበረው የፍሬው መዓዛ ያን ጊዜ ይወጣል። ከጎተራ የወጣ እህል የሚናፈሰው የእምቅታው ሽታ እንዲለቀው አይደለምን?

ከዚህ ባሻገር የሚባለው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። አፍን የሚያኮማትረው፣ ያልበሰለ ሙዝ ወይም የከረረ ሻይ ስንቀምስ የምናውቀው ታኒን፣ በአንድ ሰዓት አየር ይለሰልሳል ይባላል። የታኒን መለወጥ ወራትና ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዋናነት የሚለወጠው ሽታው ነው፤ ሽታው ሲያምር ምላስም ይቅር ባይ ይሆናል። የቦርዶው የወይን ሊቅ ኤሚል ፔይኖ (እ.ኤ.አ. 1912–2004) ስለ ወይን ጣዕም በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ከአገሩ ልማድ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ወይን ለረዥም ጊዜ ተከፍቶ መቆየቱ ከሚጠቅመው ይልቅ መዓዛውን ይጎዳዋል፤ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ የሚያስፈልገው አተላ ያለበት ወይን ነው፤ እርሱም ቢሆን ልክ ሊቀርብ ሲል መሆን አለበት ይላል። በወይን አገር፣ በወይን ሊቅ የተነገረ ነው። የእኛው የቡልጋሪያ ምሩቅ ይህን ባወቀ ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር እንጃ።

እዚህ ላይ ነው አማርኛ የሚያግዘን። ወይን በሚገለበጥበት ዕቃ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራሉ፤ ዕቃው አንድ ስለ ሆነም ሁለቱ ተደባልቀው ኖረዋል። በዕድሜ የጠገበ ቀይ ወይን ከጠርሙሱ ሥር አተላ ይጥላል። ይህን ጠርሙስ አስቀድሞ ማቆም፣ አተላው እስኪወርድ መታገሥ፣ ከዚያም ሳይናወጥ፣ በሻማ ብርሃን አንገቱን እያዩ ቀስ ብሎ መገልበጥና አተላው ብቅ ሲል ማቆም ያስፈልጋል። ይህ መስከን ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ጀበናውን ከእሳት አውርዳ በማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ አተላው ሳይወርድ የሚቀዳባት ቢኖር ትቆጣለች። ሲቀዳም እጇ አይንቀጠቀጥም፤ መጨረሻው ሲቀር ታቆማለች። ሁለተኛው ሥራ ገና ወጣት የሆነውን፣ የታፈነውን ወይን ሆን ብሎ ማናወጥ፣ ከፍ አድርጎ ማፍሰስ፣ ማስፋት ነው። ይህ መናፈስ ነው። አንደኛው ጸጥታ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሁከት። አሮጌውን ወይን እንደ ወጣቱ ብታናፍሰው ያለችውን ጥቂት መዓዛ ትበትንበታለህ፤ ወጣቱን እንደ አሮጌው ብታሰክነው የተጠበቀው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። «ይተንፍስ» የሚለው የውሰት ቃል ይህን ልዩነት ይደመስሳል፤ «ይስከን» እና «ይናፈስ» ግን ለየብቻ ያስቀምጡታል። አርታዕያንና የምግብ ዝርዝር የሚጽፉ ሰዎች ቢያስቡበት አልጠላም።

አሁን ደግሞ ጠርሙሱን ከፍቶ ማቆም ምን ያህል እንደሚያናፍስ በሒሳብ እንየው። የጠርሙስ አንገት ከውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ወይኑ ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይደርስም። ከዚያች ጠባብ ገጽ በታች ሦስት አራተኛ ሊትር ወይን ቆሟል። ያንኑ ወይን 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የብርጭቆ ጆግ ብንገለብጠው ገጹ 113 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ 40 እጥፍ መሆኑ ነው። በመፍሰስ ላይ ሳለ የሚያገኘው አየር ሳይቆጠር ነው። ቡሽ ነቅሎ የሚጠብቅ ሰው እንግዲህ ወይኑን አንገቱ በጠበበ ብርሌ ውስጥ እንደ ማቆየት ያህል ነው የሚያደርገው። ብርሌ አየርን ለመከልከል የሚመች ዕቃ መሆኑን ካመንን፣ ያንኑ አንገት የያዘ ጠርሙስ አየር ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የሒሳቡን ነገር ያነሣው የሒሳብ መምህራችን ነበር። ሙስሊም ነው፤ መጠጥ በአፉ አይገባም። ክርክሩን ለብዙ እሑዶች በትዕግሥት ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «እናንተ እኮ የምታውቁትን እየቀመሳችሁ ነው የምትፈርዱት። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳታውቁ ቅመሱ» አለን። ባዶዎቹን ብርጭቆዎች ቁጥር ለጠፈባቸው፤ በየትኛው ቁጥር ምን እንደሚቀዳ በወረቀት ጽፎ ለቤቱ እመቤት ሰጣቸው፤ ራሱ ከአያቶቹ ዘንድ እንደ ተማረው ከቡናው ወገን ተቀመጠ። እመቤቲቱ ከመጋረጃ ጀርባ ቀዱ። ሦስት ጠርሙስ አንድ ዓይነት ወይን ነበረን። አንደኛው በዚያች ደቂቃ የተከፈተ፤ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት በፊት ቡሹ ተነቅሎ የቆመ፤ ሦስተኛው ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ጆግ የተገለበጠ። ቀማሾቹ አምስት ነበርን።

በዚያን ቀንና በቀጣዩ እሑድ የሆነው ይህ ነው። አንደኛውን ከሁለተኛው ለይቶ በሁለቱም ቀን ያወቀ አልተገኘም። የጆጉን ወይን ግን ከአምስቱ አራቱ ለዩት። ከአራቱ ሦስቱ ወደዱት፤ የላስታው ልጅ ግን ልዩነቱን በትክክል ካወቀ በኋላ፣ «ያኛው ጉልበት ነበረው፤ ይኼኛው ተገርቷል» ብሎ ያልተናፈሰውን መረጠ። ይህም የተከበረ ፍርድ ነው፤ አሁን የቀመሰ ሰው ፍርድ ነውና። በጆጉ የተረፈውን እስከ ማግሥቱ ማታ አቆይተን ስንቀምሰው ሁላችንም ፊታችንን አጨማደድን፤ መዓዛው ሞቶ ሆምጣጤው እየመጣ ነበር። ጠጅ ጣይዋ እናት ቢሰሙ አይደንቃቸውም። አምስት ሰው አምስት ሰው ነው፤ ሳይንስ አይባልም። ሆኖም ዓመት ሙሉ ያልበረደ ክርክር በሁለት እሑድ በረደ። ዳኝነቱን ሊታመንበት የቻለው ደግሞ የማይጠጣው ሰው ነበር፤ የትኛውም ቢያሸንፍ ከብርጭቆው የሚደርሰው ነገር ስላልነበረ ነው። በአንድ ዳስ ሁለት ዓይነት መጠጥ ማቅረብ ለመቻቻል ብቻ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር፤ ለእውነትም እንደሚጠቅም ያየሁት በዚያች ክፍል ነው።

ከፈረንጅ መጽሐፍ የሚቀዳው ሥርዓት የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ከፍታችን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአሰብ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ወይኑን የሚነካው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ተናኝ ሽታዎች ግን በሳሳው አየር ውስጥ በቀለለ ሁኔታ ይወጣሉ። ሁለቱ በተቃራኒ ይጎትታሉ። የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ያንኑ ወይን በአንድ ቀን ደሴና አሰብ ላይ ማቅመስ ያስፈልጋል፤ በእኔ ግምት የጆጉ ስፋት ከከፍታው ይልቅ ለውጥ ያመጣል።

ሙቀቱ ግን ግምት አያስፈልገውም። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚለው የፈረንሳይ ደንብ የወጣው ቤት እንደ ዛሬ ባልሞቀበት ዘመን ሲሆን፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ማለት ነበር። እሳት ያልነደደበት የቦሩ ሜዳ ክፍል ለዚህ ቅርብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ይወርዳል። ወይን እጅግ ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይታፈናል፤ በአፍም ይበልጥ ያኮማትራል፤ እንዲህ ባለ ቀን መዳፍ ብርጭቆውን ቢያቅፈው ከመቆየቱ ይልቅ ይረዳዋል። ደሴን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በቀትር ጠረጴዛ ላይ «በክፍል ሙቀት» የቀረበ ወይን የአልኮሉ ትነት ከመዓዛው ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ ተከፍቶ በቆየ ቁጥርም ይብስበታል። የኮምቦልቻ ሰው ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ቢያቆየው የፓሪስን አስተናጋጅ ከመምሰል የበለጠ ለወይኑ ይበጀዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ጥቂት ነው፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በምግብ ቤት አስተናጋጁ ለጋባዡ ትንሽ ቀድቶ እስኪቀምስ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ብዙ ሰው ይህን የባዕድ ልታይ ልታይ ይለዋል። በአገራችን ግብር ቤት አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ እንደ ነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የእኛው ቀማሽ መርዝ አለመኖሩን በሕይወቱ ያረጋግጥ ነበር፤ የፈረንጁ ጋባዥ ወይኑ በቡሹ ሰበብ አለመበላሸቱን በአፍንጫው ያረጋግጣል። የእኛ ቀማሽ አሽከሩ ነበር፤ የእነርሱ ቀማሽ ጋባዡ ራሱ ነው። ይህን ልዩነት ለማኅበራዊ ታሪክ ተመራማሪዎች እተወዋለሁ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ በዚያ ቤት ጠርሙስ አፉን ከፍቶ ቆሞ አላየሁም። ወይኑ ወጣትና ኃይለኛ ከሆነ፣ ቡናው ሲወቀጥ ወደ ጆግ ይገለበጣል፤ ከፍ ተደርጎ፣ አረፋ እስኪሠራ። አቦሉ ለሁሉም ይቀዳል። ቶናው እስኪደርስ ወይኑ ይናፈሳል። በረካው ሲቀርብ፣ የሚጠጡት ብርጭቆአቸውን ያነሣሉ፤ የሒሳብ መምህሩም ሲኒውን ይዞ፣ «ዛሬስ ስንተኛው ቁጥር ነው?» ይላል።